የተማሪ መዝገብና የሩቁ ማእከል፦ ከፎገራ ሜዳ አንጻር

የትምህርት ቤት መዛግብት ከሮስተርና ከካርድ ወደ ዳታቤዝ፣ ከዚያም «ክላውድ» ወደሚባለው የሩቅ ሰርቨሮች ስብስብ እንዲሸጋገሩ የሚዘጋጁ ዕቅዶች ግንኙነቱን አብዛኛውን ጊዜ የመሥመርና የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ አድርገው ያቀርቡታል። መሥመሩ ከተዘረጋ መረጃው በራሱ ይፈሳል የሚለው ይህ ግምት የዕቅዶቹ ዋና ጉድለት ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው ወረታ ዙሪያዋ የሩዝ ማሳ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሲሞሉ ሜዳው በውኃ ይጥለቀለቃል። የአዲሱ ዓመት ምዝገባም የሚቃረበው በዚያው ወራት ስለሆነ፣ ማእከሉ መረጃ አጥብቆ የሚሻበት ጊዜና ሜዳው የሚቸገርበት ጊዜ ይገጣጠማሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት አንሥቶ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አይዘነጋም። እንግዲህ መቋረጥ በዕቅዱ ግርጌ የሚጠቀስ እንግዳ አጋጣሚ ሊሆን አይችልም።

ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የሠንጠረዥ ዳታቤዝ ጥንካሬው በሕጉ ላይ ነው። ተማሪው በአንድ ቁጥር ይታወቃል፤ ባለቤት የሌለው ውጤት አይመዘገብም፤ ዝውውርም ሙሉ በሙሉ ይፈጸማል ወይም ፈጽሞ አይፈጸምም። ሥራው በብዙ ሰርቨሮች ሲከፋፈል ግን ይህን ሕግ መጠበቅ ያዳግታል። ኤሪክ ብሩወር በ2000 እ.ኤ.አ. የሰነዘረው፣ ጊልበርትና ሊንች በ2002 ያረጋገጡት ሐሳብ እንደሚያስረዳው፣ ግንኙነት ሲቋረጥ ሥርዓቱ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፦ ወይ መልስ ይነሣል፣ ወይ ከሌላው ሰርቨር ጋር የማይስማማ ሊሆን የሚችል መልስ ይሰጣል።

አንዲት ተማሪ 8ኛ ክፍልን በገጠር ቀበሌ ጨርሳ መሸኛዋን ይዛ ወደ ወረታ 9ኛ ክፍል መጣች እንበል። ሥርዓቱ ያለ መሥመር አልሠራም ካለ፣ ወላጆች ተሰልፈው የሚጠብቁት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደብተሩን ማውጣቱ አይቀርም፤ ወረቀቱም በጓሮ በር ተመለሰ ማለት ነው። መልእክቱ ደርሶ መልሱ በመንገድ ቢጠፋና ሠራተኛው ደግሞ ቢልክ፣ አንዲቷ ልጅ ሁለት ሆና ትቆጠራለች። መጽሐፍና መምህር የሚደለደለው በዚህ ቁጥር ነው።

ስሟ አያድናትም። «ሠናይት» እና «ሰናይት»፣ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለመምህሩ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ናቸው። የልደት ዘመንም በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቈጣጠር መካከል በ7 ወይም በ8 ዓመት ይራራቃል።

መፍትሔው የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ምዝገባ በትምህርት ቤቱ ሳለ የራሱን መለያ ቁጥር ያገኛል፤ ማእከሉም ያንኑ ቁጥር ሁለት ጊዜ ቢቀበል አንድ ጊዜ ብቻ ይጽፋል። ለማእከሉ የሚላከው መልእክት ከምዝገባው ጋር በአንድ ክንውን በአካባቢው ዳታቤዝ ይጻፋል፤ መሥመር እስኪገኝም ተራውን ይጠብቃል። በጤናው ዘርፍ የሚሠራበት ዲኤችአይኤስ 2 መሥመር ሲጠፋ የገባውን መረጃ በመሣሪያው ላይ የማቆየት ችሎታ ያለው በከንቱ አይደለም።

በማእከሉም በኩል ችግር አለ። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ መደበኛ አወሳሰኑ ካልተለወጠ በአንድ ጊዜ 100 ግንኙነት ያህል ብቻ ይቀበላል። ሥራ ሲበዛ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም፣ እያንዳንዱ ቅጂ 10 ግንኙነት ቢከፍት፣ በ10 ቅጂ በሩን ይዘጋዋል። በመካከል ግንኙነቶችን የሚያጠራቅምና በተራ የሚያድል አገልግሎት ካልቆመ፣ በመስከረም መጀመሪያ የሚወድቀው የፎገራ መሥመር ሳይሆን ማእከሉ ራሱ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን በመሣሪያ አይፈታም። መሥመር በጠፋበት ሳምንት የቀድሞው ትምህርት ቤትና የወረታው የአንዲቷን ተማሪ መዝገብ በየፊናቸው ቢያርሙ የማን እርማት ይጸናል? ብዙ ፕሮግራሞች የኋለኛውን ሰዓት ያጸናሉ፤ ይህም ሰዓቱ የተዛባ ኮምፒዩተር እንዲፈርድ መፍቀድ ነው። ፍርዱ ተማሪዋ በአካል ለምትገኝበት ትምህርት ቤት መሰጠት ይገባዋል፤ ይህም ጨረታው ከመውጣቱ በፊት በመመሪያ መጻፍ አለበት።