«ኬን» ሁሉ አገዳ አይደለም

«ኬን» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል በየስፍራው «አገዳ» ብሎ መተርጐም እየተለመደ መምጣቱን አንደግፍም። አገዳ የበቆሎና የማሽላ ግንድ ነው፤ ወንጂ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ያወጣበት ተክል «ሸንኮራ አገዳ» መባሉም ተገቢ ነው። ዓይነ ስውር የሚይዘው ግን ነጭ በትር፣ ሽማግሌ የሚደገፈው ከዘራ ወይም ምርኩዝ ነው። ይህስ በቀላሉ ይታረማል።

የሚያስቸግረው ወንበሩ ነው። ከራታን የተሠራውን «የቀርከሃ ወንበር» የሚሉ አሉ። ቀርከሃ ውስጡ ክፍት በመሆኑ ከራታን ይለያል የሚለው አፈታትም አያዋጣም፤ የቆላው ቀርከሃ ድፍን ነውና። መለያው ወገኑ ነው፦ ቀርከሃ፣ እንደ ሸንበቆና መቃ ሁሉ፣ ከሣር ወገን ነው፤ ራታን ግን እንደ ሐረግ በዛፍ ላይ የሚንጠላጠል የዘንባባ ዘመድ ነው። ስለዚህ ባዕድነቱ ቅር ቢያሰኝም፣ እኛ «የራታን ወንበር» የሚለውን እንመርጣለን።