የጆንያው ጠርዝ

ሥራው ከመዳፍ እምብዛም አይበልጥም። መደቡ ሰሊጥ ሲጫንበት የኖረ የቃጫ ጆንያ ቁራጭ ነው። በጆንያው ላይ የነተበ ነጠላ ተለጥፏል፤ በነጠላው ላይ ቀለም አለ፤ ከቀለሙ በላይ ደግሞ ጥቂት የቀይ ክር ስፌት። የሠራችው ገንዳ ውሃ የምታስተምር ወዳጃችን ናት። ያየው ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያደንቀው መሃል ላይ ያለውን የጓንግን ወንዝ መታጠፊያ ነው። እኔን ግን የያዘኝ የግራ ጠርዙ ነው። ነጠላው አልቆ ጆንያው የሚጀምርበትን መስመር በመቀስ አልቆረጠችውም። ማጉን አንድ በአንድ መዝዛ አውጥታ ድሩን ብቻ አስቀርታለች፤ ከዚያ የድሩን ጫፎች በቀጠነ የአናጢ ኮላ አርሳ በጆንያው ዓይኖች ውስጥ አስርጋቸዋለች። ጣት ሲሄድበት እርከን አያገኝም። ነጠላው የት እንዳበቃ ለማወቅ ሥራውን ወደ መስኮት አስጠግቶ በአግድም ማየት ያስፈልጋል።

ይህ የተሠራው በአንድ ቀን ነው። በሱዳን ድንበር ባለው ቆላ፣ አብደራፊ፣ ገንዳ ውሃና መተማ ዮሐንስ ያለን ጥቂት ሥዕል ወዳዶች በየቀኑ አንድ ትንሽ የሚክስድ ሚዲያ (የቅይጥ ቁስ) ሥራ ለመሥራት ተስማምተን ይዘነዋል። ነገሩ በዓለም አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሠዓሊ ዱዌን ካይዘር እ.ኤ.አ. በ2004 በቀን አንድ ትንሽ ሥዕል መሥራት ጀምሮ ብዙዎች ተከትለውታል፤ ጄክ ፓርከር ደግሞ በ2009 የኦክቶበርን ወር በየቀኑ በቀለም ብዕር የመሣል ልማድ አስጀምሯል። የእኛ ደንብ አጭር ነው፦ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ቁስ ይግባበት፣ ከሦስቱ አንዱ እዚሁ ቆላ የሚገኝ ይሁን፣ ፀሐይ ሳትገባ ይለቅ።

ሦስት ቁስ አንድ ላይ ማድረግ ማንም ይችላል። ጨርቅ፣ ወረቀት፣ ቅጠል፣ አሸዋ ተለጥፎበት ጎልቶ የሚታይ ሥራ በየቀኑ ይመጣል፤ አብዛኛው በሳምንቱ ይላቀቃል። ባለሙያ የሚለየው በመገጣጠሚያው ነው፤ አንዱ ቁስ ሌላውን እንዴት እንደተቀበለው ስናይ። የመምህርቷ ሥራ ላይ ይህን ያህል የቆየሁትም ለዚህ ነው።

ኮላውን እንመልከት። ነጠላውን በግራር ሙጫ ለጥፋው ቢሆን ኖሮ ማንም አይፈርድባትም ነበር፤ ሙጫ የዚህ አገር ሀብት ነው። ይህ ቆላ ከዕጣኑ ጋር የግራር ሙጫም ይሰጣል፤ ከድንበሩ ማዶ ያለችው ሱዳንም በዚህ ሙጫ ምርት ከዓለም ቀዳሚ ናት። በሳጥን ታሽጎ ከውጭ የሚመጣው የውሃ ቀለም የሚጣበቀው በእሱ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ጥላሸቱን ከሙጫ ጋር አዋህደው ጥቁር ቀለም ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ግን ሙጫ አንድ ጠባይ አለው፤ ከደረቀ በኋላም ውሃ ሲነካው ተመልሶ ይሟሟል። ነጠላው በሙጫ ተለጥፎ ከላዩ በውሃ ቀለም ቢሠራበት ከሥሩ ይለቅ ነበር። ስለዚህ ከታች ኮላ፣ ሙጫው ከላይ፣ ከቀለሙ ጋር።

ከላይ ያለውን ደግሞ ቀረብ ብሎ ማየት ነው። የወንዙን ዳር የያዘው ጥቁር መስመር በጥላሸትና በሙጫ የተሠራ ነው፤ የተሰመረውም አንዴ ብቻ ነው። ብሩሹ ተመልሶበት ቢሆን የመጀመሪያው መስመር ሟሙቶ በዳሩ ላይ ግራጫ ጭጋግ ይተው ነበር። የለም። በጠዋት ሳይሆን በቀትር ብትሠራው ደግሞ በዚህ ቆላ ሙቀት ብሩሹ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይደርቅባት ነበር። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እርጥብ ሆኖ መሄዱን ያየ ሰው ሰዓቷን መርጣ እንደተቀመጠች ያውቃል።

ሙጫውን የምታዘጋጀው ራሷ ናት። ጠጠሩን ወቅጣ በእጥፍ ውሃ ታሳድረዋለች፤ በነጋታው በስስ ጨርቅ ታጠልለዋለች፤ ከዚያ ማር ትጨምርበታለች። ሙጫ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ማር ያለዝበዋል። ማሩ ከበዛ ግን በክረምት እርጥበት ቀለሙ እጅ ይይዛል፣ ካነሰ በሚያዝያ ይፈረፈራል። መጠኑን ጠይቄያት «ወንድሜ፣ በማንኪያ አልለካውም፤ በሁለት ጣቴ መሃል ስቤ ነው የማየው» አለችኝ። ሙጫው እንደ ክር ሳይበጠስ የሚሳብበትን ጊዜ ጣቷ ያውቀዋል።

አንድ ሌላ ወዳጃችን ዱቄት ቀለምን በሰሊጥ ዘይት አሽቶ ለመሥራት አስቦ ነበር። አገሩ የሰሊጥ አገር ነው፤ በጥቅምት የሰሊጡ ነዶ ክምር፣ ሂላው፣ በየማሳው ቆሞ ሲታይ ይህን አለማሰብ ይከብዳል። ግን የሰሊጥ ዘይት እንደ ተልባ ዘይት ከአየር ጋር ተዋህዶ ወደ ጠንካራ ሽፋን አይለወጥም፤ ለረጅም ጊዜ እንደወዛ ቆይቶ አቧራ ይለቅማል። ለዘይት ቀለም የሚሆነው የደጋው ተልባ ነው። ሰሊጥ ለእኛ ሥራ የሚያዋጣው በጆንያው ነው።

ጨርቅን ለጥፎ መሣል ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም፤ ጎንደር የታወቀችበት ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ሁሉ ጣሪያው ላይ ስለተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ያወራል። የግድግዳው ሥዕል በጥጥ ጨርቅ ላይ ሆኖ የተለጠፈ መሆኑን የሚያስተውለው ግን ጥቂቱ ነው። የዚህን ጥበብ ጥንካሬም ድክመትም እ.ኤ.አ. በ1932 የሆነው ያሳያል። የፈረንሳዩ ማርሴል ግሪዮል የመራው ቡድን ጎንደር ካለው የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን ከግድግዳው አስለቅቆ ወሰደ፤ በምትካቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸውን ቅጂዎች ተወ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ይህ የሚያስቆጭ ነገር ነው፤ ቅጂ ትቶ መሄድ ካሣ አይሆንም። ሥዕሎቹን ይዞ መሄድ የተቻለው ግን ጨርቅ ላይ ስለተሠሩ ነው፤ በጨርቁ ላይ ያለው ቀለምም ተጠቅልሎ ባሕር ተሻግሮ አልረገፈም። ሠዓሊዎቹ ጨርቃቸውን እንዴት አድርገው አዘጋጅተውት እንደነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ከዘመናችን ሠዓሊዎች መገጣጠሚያን የሥዕሉ ዋና ጉዳይ ያደረገው በእኔ ዓይን ዘሪሁን የትምጌታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ተወልዶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ፣ በ1992 በዳካር ቢኔያል የተሸለመ ሠዓሊ ነው። የቀርከሃ ፍልጮችን ጎን ለጎን አቁሞ በላያቸው ላይ ይሥላል። ከክታብ የመጡት ትልልቅ ዓይኖችና ምልክቶች ከአንዱ ፍልጭ ወደ ሌላው ሲሻገሩ በየስንጥቁ ላይ ይቆረጣሉ፣ ግን አይበተኑም። ሌላ ሰው ክፍተቱን በቅብ ይደፍነው ነበር። እሱ ትቶታል፤ የቆመው ስንጥቅ ሥዕሉን እንደ ሸማ ድር ሲያስኬደው ዓይን ከላይ ወደ ታች እየወረደ ያነባል። ይህን አይተን በእኛ ሽመል ሞክረናል። የቆላው ሽመል እንደ ደጋው ቀርከሃ ክፍት አይደለም፤ ውስጡ ድፍን ነው። እርጥብ ሳለ ካልተፈለጠ አይታዘዝም፤ ከተፈለጠ በኋላም ቀጥ ብሎ እንዲደርቅ ከእንጨት ጋር ታስሮ መሰንበት አለበት።

በየቀኑ መሥራት ያለው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የቅይጥ ሥራ አንድ ቀን በእውነት አንድ ቀን አይደለም። የዛሬው ቀለም ሲቀባ የነገው ጨርቅ ተለጥፎ እየደረቀ ነው፣ የከነገ ወዲያው ሙጫ እየራሰ ነው። በሳምንት አንዴ የሚሠራ ሰው ኮላው እስኪደርቅ መጠበቅ ይሰለቸውና በእርጥቡ ይቀጥላል። በየቀኑ የሚሠራ ግን ሁልጊዜ የደረቀ መደብ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። የመምህርቷ ጠርዝ ያለ እርከን የወጣው ጆንያውና ነጠላው ባለፈው ቀን ተለጥፈው፣ በሸክላ ተጭነው ስላደሩ ነው።

በቀዩ ክር ላይ ግን አልተስማማንም። አራቱ ስፌቶች ለዓይን ብቻ የገቡ መስለውኝ ነበር፤ ወንዙ ያለ እነሱም ይቆማል። ሥራውን ገልብጣ አሳየችኝ። ክሩ ነጠላውንና ጆንያውን አልፎ ከኋላ በጥንድ ቋጠሮ ታስሯል፤ የታሰረውም ጆንያው በሳሳበት፣ ኮላ ብቻውን በማይችለው ቦታ ነው። ቦታው ትክክል መሆኑን ተቀብያለሁ። ቀለሙን አሁንም አልወደድኩትም፤ ያልተነከረ የጥጥ ክር ቢሆን ያንኑ ይይዝ ነበር፣ ወንዙንም አይሻማውም ነበር። እሷ ደግሞ ስፌት ከተሰፋ ይታይ ባይ ናት።

የያዝነው ወር ሲያልቅ ሥራዎቹን አንድ ላይ ለማሳየት አስበናል። ግድግዳ ላይ እንዳይሰቀሉ ጠይቄ ሌሎቹም ተስማምተዋል። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ፤ የመጣ ሰው እጁን ታጥቦ ያነሳቸዋል፣ ጠርዛቸውን ይዳስሳል፣ ጀርባቸውንም ገልብጦ ያያል።