የፍላስኩ አየር

250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ፍላስክ ውስጥ የምንጨምረው የማሳደጊያ ፈሳሽ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። አዲስ ተማሪዎች ባዶው ቦታ ያስቆጫቸዋል፤ ብዙ ባክቴሪያ ለማግኘት ሲሉ እስከ አንገቱ መሙላት ያምራቸዋል።

እኔም በጀማሪነቴ ሞልቼዋለሁ። ያን ሰሞን የምከታተለው ኢ. ኮላይ አየር እንደ ልቡ ሲያገኝ የሚተነፍስበትን ኢንዛይም፣ ሳይቶክሮም ቢኦን፣ የሚሠሩትን ጂኖች ነበር። ጂኖቹ ሲነቁ ቢጫ ቀለም እንዲወጣ አድርጌ ስላዘጋጀሁት፣ የናሙናው ቱቦ ቢጫ መሆን ነበረበት። ሰዓት ይዤ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ ቀለሙ ውኃ እንደመሰለ ቀረ። ባክቴሪያው የጂን ጉድለት ያለበት መስሎኝ አንድ ሳምንት ሙሉ ስፈልግ ሰነበትኩ። ጥፋቱ የአሞላሌ ነበር፤ ፍላስኩ ሲሞላ ባክቴሪያው አየር አጠረው።

ባክቴሪያው የአየሩን ማነስ የሚያውቀው በሁለት መንገድ ነው። አርክ ቢ የተባለው ፕሮቲን ኦክሲጅኑን ራሱን አይነካም። በሕዋሱ ገለፈት ላይ ተተክሎ ኤሌክትሮን የሚያመላልሱትን ኩዊኖኖች ይከታተላል። ኦክሲጅን ሲጠፋ ኩዊኖኖቹ ሸክማቸውን የሚያራግፉበት ያጣሉ፤ ያኔ አርክ ቢ ፎስፌት ለአርክ ኤ ያቀብላል፣ አርክ ኤም ዲኤንኤው ላይ ተቀምጦ የቢኦን ጂኖች ያፍናል፤ በጥቂት ኦክሲጅን መሥራት የሚችለውን ሳይቶክሮም ቢዲን ያስነሳል።

ሁለተኛው መንገድ ኤፍኤንአር የተባለ ፕሮቲን ነው፤ እሱን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። አራት የብረትና አራት የድኝ አቶሞች ይዟል። ኦክሲጅን ሲነካው አቶሞቹ ወደ ሁለት ሁለት ይወርዳሉ፣ ተጣምሮ የነበረው ፕሮቲን ይለያያል፣ ዲኤንኤውንም ይለቃል። ብረት በአየር ሲበላሽ እኛ ጉዳት እንለዋለን፤ ለዚህ ፍጡር ግን መበላሸቱ ራሱ መልእክት ነው።

ቤተ ሙከራችን ያለባት አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ያንሳል፤ ፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም እንደዚያው። ጠረፍ ላይ የተጻፈ መመሪያ ፍላስኩን የሚያናውጠውን ሼከር በደቂቃ 200 ዙር አድርጉት ሲል እኛ ዘንድ ያንኑ አየር አይሰጥም። ስለዚህ አየር በሚፈልግ ሙከራ ላይ ከ50ው ሚሊ ሊትር ወደ 25 እወርዳለሁ።

ሼከሩ ሲቆም ደግሞ የባሰ ነው። ባክቴሪያው ከበዛ የተሟሟው ኦክሲጅን በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ፍላስኩን ይዤ ሴንትሪፉጁ ክፍል እስክደርስ ጂኖቹ መለወጥ ይጀምራሉ። ስለዚህ ናሙናውን ወዲያው የማቀዘቅዝበትን በረዶ ከሼከሩ ጎን አስቀምጣለሁ፤ ፒፔቱን በእጄ ይዤ ነው ማቆሚያውን የምጫነው።