ጉልበት፣ ጥምዘዛና ቦይ፦ ስለ ሞተር የሙያ ቃላት አተረጓጎም

ስለ ሞተር አሠራር ወደ አማርኛ በተመለሱ ጽሑፎች ውስጥ አንድ ጉድለት ደጋግሞ ያጋጥመናል። ዘንጉን የሚጠመዝዘው ብርታትና ሞተሩ በተወሰነ ጊዜ የሚያከናውነው ሥራ ሁለት የተለያዩ ፅንሰ ሐሳቦች ሲሆኑ፣ ሁለቱም «ጉልበት» በሚል በአንድ ስያሜ ይጠራሉ። በዚህም የተነሣ ዐረፍተ ነገሩ ራሱ እርስ በርሱ ይጋጫል።

ለምሳሌ በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣውን ክራይስለር 300 ኤፍ የተባለውን አውቶሞቢል እንውሰድ። በመደበኛው ሞተር ላይ አየር የሚያስገቡት የማኒፎልድ ቱቦዎች ርዝመት 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ በፋብሪካው መግለጫ መሠረት ሞተሩ 375 የፈረስ ጉልበትና 671 ኒውተን ሜትር ጥምዘዛ ይሰጥ ነበር። ለከፍተኛ ፍጥነት በተዘጋጀው በሁለተኛው ዓይነት ግን የቱቦዎቹ የሥራ ርዝመት በግማሽ አጠረ፤ ጉልበቱ ወደ 400 ሲያድግ ጥምዘዛው ወደ 630 ኒውተን ሜትር ወረደ። በረጅም ቱቦ ውስጥ የሚመላለሰው የግፊት ሞገድ ከቫልቩ መከፈት ጋር የሚገጥመው ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ነው፤ በአጭር ቱቦ ውስጥ ግን ሲፈጥን ነው። ይህንን «ጉልበቱ ጨመረ፤ ጉልበቱም ቀነሰ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ለአንባቢው ምን አተረፈለት?

«የፈረስ ጉልበት» በሕዝቡ አፍ የጸና ስለ ሆነ ሊነቀል አይገባውም። ስለዚህ «ጉልበት» በዚሁ ትርጉሙ ይጽና፤ በጋራዥ «ቶርክ» ለሚባለው ደግሞ «ጥምዘዛ» ይሁን እንላለን። ጉልበት የጥምዘዛና የዙር ፍጥነት ብዜት በመሆኑ፣ ዙሩ በበቂ መጠን ከጨመረ ጥምዘዛው ቀንሶም ጉልበቱ ሊያድግ ይችላል። ሁለት ቃላት ከሌሉን ይህን እውነት መናገር አንችልም።

«ፖርት» የሚለውም ቃል ጥንቃቄ ይሻል። «ወደብ» ማለት ግልጽ ስሕተት ነው፤ «ቀዳዳ» ደግሞ ትክክል መስሎ ያሳስታል፤ አንባቢው በሰፋ ቁጥር ይሻላል ብሎ እንዲያስብ ይገፋፋዋልና። ነገሩ ግን በቴስታታው ውስጥ ከማኒፎልዱ እስከ ቫልቩ የሚዘልቅ መተላለፊያ ነው። ከልክ በላይ ቢሰፋ በዝቅተኛ ዙር የአየሩ ፍጥነት ይዳከማል፤ ሲሊንደሩም በሚገባ አይሞላም። ገበሬው ውሃ የሚመራበት «ቦይ» ግን ርዝመትን፣ ስፋትንና መታጠፊያን አንድ ላይ ያሳስባል፤ ስለሆነም «የአየር ማስገቢያ ቦይ» ቢባል እንመርጣለን።

ያቀረብናቸው ስያሜዎች የመጨረሻ ውሳኔ አይደሉም፤ የተሻለ ያለው ያቅርብ። ተርጓሚው ግን ቃሉን ከመምረጡ በፊት የነገሩን አሠራር ይመርምር።