የኦዱቦን ወፎች፦ ሕያው መምሰል ምስክርነት ነውን?

የጆን ጄምስ ኦዱቦንን «የአሜሪካ ወፎች» የሚያወድሱ ጽሑፎች፣ ከ1827 እስከ 1838 የታተሙት 435 በእጅ የተቀለሙ የመዳብ ሕትመቶች ዛሬ የሌሉ ወፎችን ሕያው አድርገው ስለሚያሳዩ ታማኝ ምስክር ናቸው ይላሉ። ሕያው መምሰላቸው አያከራክርም፤ ምስክርነቱ ግን ከዚያ አይመነጭም። በ62ኛው ሕትመት ላይ ዛሬ ከሌሉት ወፎች አንዷ የሆነችው ሴቷ ተጓዥ እርግብ ከላይኛው ቅርንጫፍ አጎንብሳ ከታች ካለው ወንድ ጋር ለመጎራረስ ምንቃር ለምንቃር ትገናኛለች። አንገትና ጅራታቸው የሚሠራው ቅስት ዐይን ይማርካል። የወፍ አጥኚዎች እንደሚሉት ግን እነዚህ እርግቦች ይህን የሚያደርጉት ጎን ለጎን ሆነው ነው፤ የሚያጎርሰውም ወንዱ ነው። ኦዱቦን መንጋቸውን በኬንታኪ ሰማይ ላይ ስላየ ወፉን አያውቀውም ማለት አይቻልም፤ ከእውነቱ ቅንብሩን አስቀደመ እንጂ። ታላቁ ኦክ (great auk) የተባለውን የጠፋ የባሕር ወፍ ደግሞ በሕይወት አይቶት አያውቅም። ሆኖም 341ኛው ሕትመት ላይ አንዱ ኦክ ዐለት ላይ ቆሞ ሌላው ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ የሚያይ ሰው፣ ከእርግቡና ከኦኩ የትኛው በዐይን ታይቶ የትኛው ከደረቀ ቆዳ እንደተሣለ ሊለይ አይችልም።

በሕትመቶቹ ላይ ሕይወት የሚዘራው ሰሌዳዎቹን ያዘጋጀው የለንደኑ የሮበርት ሃቬል ሥራ ቤት ጥበብ ነው። በአኳቲንት ዘዴ የመዳቡ ሰሌዳ ላይ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስና በሙቀት እንዲጣበቅ ይደረጋል። አሲዱ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን መዳብ እየበላ ቀለም የሚይዙ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይሠራል፤ በቆየ ቁጥር ጥላው ይጠቁራል፤ ፈዛዛ መሆን ያለበት ቦታ ቀድሞ በቫርኒሽ ይሸፈናል። ጥላው በሕትመቱ ስላለቀ ቀለም ቀቢው የውሃ ቀለሙን ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃዋል፤ የወረቀቱ ብርሃን በቀለሙ ውስጥ ያልፋል፣ ላባውም ይለሰልሳል። የኤዲንብራው መዳብ ቀራጭ ሊዛርስ የጀመራቸውን ሰሌዳዎች ሃቬል በኋላ በአኳቲንት ማደሱ ልዩነቱ ምን ያህል እንደነበር ይናገራል።

ሕትመቶቹ የተቀዱባቸው፣ ኒው ዮርክ ያሉት የኦዱቦን የውሃ ቀለም ሥዕሎች ለሕትመቶቹ ማመሳከሪያ ይሆናሉ የሚል መከራከሪያ ይነሣል። ይሆናሉ፤ የሚያረጋግጡት ግን የሠዓሊውን ሐሳብ እንጂ የወፉን ጠባይ አይደለም። ልብስ ላይ በሚጣበቅ እሾሃማ አረም ላይ የሰፈሩት ሰባት የካሮላይና በቀቀኖች ሊታመኑ ይገባል ቢባል እስማማለሁ፤ የምናምናቸው ግን ኦዱቦን ወፎቹን በሕይወት ማወቁን ከጽሑፉ ስለምንረዳና የሙዚየም ቆዳዎች ስላሉ ነው። ሕትመቱ ብቻውን ከኦኩ የበለጠ ማስረጃ አያቀርብም። ስለዚህ ምስክር የሚለው ማዕረግ ይነሣላቸው፤ ውዳሴው ግን አይቀነስ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወረቀቶችን በየተራ ለቀለሙት፣ የኦዱቦንና የሃቬል ስም ሲታተም የእነሱ ላልተጻፈላቸው እጆች ይድረስ። በእኔ ሚዛን የዚህ መጽሐፍ ታላላቅ ሠዓሊዎች እነሱ ናቸው።