አፉላን በአንድ ክፍል ውስጥ መዘርጋት

በኦቶማኖች ዘመን ከሐይፋ ተነሥቶ የኢይዝራኤልን ሸለቆ በማቋረጥ በሶርያ ወዳለችው ደርዓ የሚሄደው ምድር ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1050 ሚሊ ሜትር ነበር። የሒጃዝ ምድር ባቡር ቅርንጫፍ ሲሆን ሥራው ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ሞዴል ባቡር ሠሪዎች በብዛት የሚሠሩበት ልክ ኤች ኦ ይባላል፤ እውነተኛው ነገር ሁሉ ለ87 ይካፈላል። 1050ን ለ87 ስናካፍል 12.07 እናገኛለን። በገበያ ላይ ያለው ጠባብ የሞዴል ሐዲድ ደግሞ ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። የሚገርመው ይህ ሐዲድ የታሰበው አንድ ሜትር ስፋት ላላቸው መስመሮች መሆኑ ነው። የእኛው የጂቡቲ መስመር፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው፣ አንድ ሜትር ነበር፤ ለ87 ሲካፈል 11.49 ይሆናል። በዚያው በ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የድሬዳዋን ባቡር የሚሠራ ሰው ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሳሳታል፤ የሐይፋው መስመር ያልፍባት በነበረችው በእስራኤሏ ከተማ በአፉላ የነበረውን የሚሠራ ግን ስሕተቱ በዓይን አይታይም።

አፉላ ውስጥ ባዶ ምድር ቤት ያለው ሰው ለሞዴሉ የስዊዘርላንድን ተራራ መመኘት የለበትም የምለው ለዚህ ነው። የሚሠራው ነገር ከደጁ ነው። አፉላ መገናኛ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1913 ጄኒን የደረሰውና በኋላ ወደ ናብሉስ የቀጠለው ቅርንጫፍ የሚገነጠለው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1918 የእንግሊዙ ጄኔራል አለንቢ ፈረሰኞች ሌሊቱን ገስግሰው አፉላን የያዙትም ይህን መጋጠሚያ ለመቁረጥ ነው። ለሞዴል መገናኛ ጣቢያ መልካም ነው። ባቡር የሚቆምበት ምክንያት አለው፤ ፉርጎ ተፈትቶ ለሌላ ባቡር ይሰጣል፣ ሎኮሞቲቩ ውኃ ሊቀዳ ይሄዳል፣ የናብሉሱ የሐይፋውን ይጠብቃል። ዝም ብሎ በክብ የሚዞር ባቡር በሳምንቱ ይሰለቻል።

የዚህ ሙያ ጥበብ የሚታየው ገና መጋዝ ሳይነሣ በወረቀት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሐይፋ አፉላ ወደ 36 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሞዴል ልክ ከ410 ሜትር ይበልጣል። አራት በሦስት ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 14 ሜትር ነው። እሱም ቢሆን የእውነተኛውን መስመር 1.2 ኪሎ ሜትር ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው የሚወስነው የቱን እንደሚተው ነው። ከአፉላ በስተምሥራቅ መስመሩ እየወረደ ሄዶ ዮርዳኖስን የሚሻገረው ከባሕር ወለል በታች ከ240 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው። በዓለም ላይ ባቡር ያን ያህል ዝቅ ያለበት ቦታ አልነበረም። ማን ይህን መተው ይወዳል? ጎበዝ ንድፍ አውጪ ግን ይተወዋል። ጣቢያውን፣ ሁለቱን ጫፎችና የጄኒንን መገንጠያ ይይዛል፤ ከዚያ ወዲያ ሐዲዱ ከግድግዳው ሥዕል ጀርባ ይገባል። እዚያ ተሰውረው የሚቆሙ ሦስት አራት ሐዲዶች ሐይፋን፣ ደርዓንና ናብሉስን ይወክላሉ። ተመልካቹ ባቡሩ ከሩቅ መምጣቱን ያምናል፤ የመጣው ግን ከሁለት ሜትር ርቀት ነው።

ኩርባውን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ማንም ሰው በኮምፓስ ክብ ሥሎ ቀጥታውን መስመር ሊገጥምበት ይችላል። በዚያ ላይ የሚሄድ ባቡር ግን መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ ድንገት ይወረወራል፤ የፉርጎዎቹም ጫፍ እርስ በርስ ይሳሳታል። እውነተኛው የባቡር መሐንዲስ በቀጥታውና በክቡ መካከል ቀስ በቀስ የሚጠብቅ መሸጋገሪያ ያስገባል። ሞዴል ሠሪው ያንኑ የሚያደርግበት ዘዴ ቀላልና ድንቅ ነው። ክቡን ከቀጥታው መስመር ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ያርቀዋል። ከዚያ ቀጭንና ወጥ የሆነ የእንጨት ዘንግ ሐዲዱ በሚዘረጋበት ኮምፔንሳቶ ላይ አስቀምጦ አንዱን ጫፍ በቀጥታው፣ ሌላውን በክቡ ላይ በሚስማር ይይዘዋል። እንጨቱ ራሱ ታጥፎ መንገዱን ያሳያል፤ ለሠሪው የሚቀረው በእርሳስ መከተል ብቻ ነው። ምንም ስሌት የለም፤ ውጤቱን ግን ዓይን ወዲያው ያውቀዋል፤ ባቡሩ ኩርባውን ሳይንገጫገጭ ይገባዋል።

ከኩርባው ይልቅ የሠሪውን እጅ የሚያጋልጠው የሐዲድ መቀያየሪያው ነው። በእጅ የሚሠራው መቀያየሪያ ቁመቱ 2 ሚሊ ሜትር ከማይሞላ ሐዲድ ይጀምራል። ሁለት ቁራጮች በሞረድ እየተሳሉ ሹል ይሆናሉ፣ ጎን ለጎን ገጥመው ይበየዳሉ። መንኮራኩሩ የሚያልፍበት ክፍተት ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ከሰፋ መንኮራኩሩ ይወድቃል፣ ከጠበበ ይወጣል። ጥሩ ሠሪ ሥራውን በዓይኑ ብቻ አይፈርድም፤ ጥፍሩን በመጋጠሚያው ላይ ይጎትታል፤ ጥፍር የያዘው ቦታ መንኮራኩርንም ይይዛል። ንድፍ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ነው። እርሳስ ለጋስ ስለሆነ መቀያየሪያው በወረቀት ላይ ከእውነተኛው አጥሮ ይሣላል፤ ሲሠራ ደግሞ ጣቢያው አይበቃም። መድኃኒቱ የመቀያየሪያውን ሙሉ ልክ በወረቀት አባዝቶ በወለሉ ላይ መደርደርና በጉልበት ተንበርክኮ ማየት ነው።

ሰውም ቦታ ይይዛል። እጅ ሳይንጠራራ የሚደርሰው ከ75 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ የቆመ ሰው የሚያልፍበት መተላለፊያም ከ60 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። በዚህ ጉዳይ ሁሌም የማነሣው አሜሪካዊውን ሞዴል ባቡር ሠሪ ጆን አለንን ነው። በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ተራራ ሠርቶ፣ ክፍሉን ሰፊ ለማስመሰል መስታወት በቦታው በቦታው ሰውሮ ነበር። ከሁሉ የምወድለት ግን ይህን ነው፤ መጀመሪያ የሠራትን አንዲት ትንሽ ሞዴል አልጣላትም፣ እንዳለች በትልቁ ውስጥ አስገባት። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1973 ሞተ፤ ከሞተ በኋላ በቀናት ውስጥ አብዛኛው ሥራው በእሳት ጠፋ፤ ዛሬ የምናየው በፎቶግራፎቹ ነው።

እስራኤል ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ምድር ቤቱ ሚክላት፣ ማለትም የቦምብ መጠለያ፣ ከሆነ ክፍሉ የሰው ሕይወት ማዳኛ ነው፤ አፉላም እ.ኤ.አ. በ2006 ሮኬት ደርሶባታል። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ቋሚ ጠረጴዛ መትከል አይገባም። ሞዴሉ አንድ ሜትር ከሃያ በሚሆኑ ቁራጮች ተከፍሎ በብሎን የሚያያዝ፣ ሁለት ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ፈትቶ የሚያወጣው መሆን አለበት። በሩ ፊት ምንም አይቁም። ይህ ግዴታ ሥራውን አያበላሸውም፤ እንዲያውም የእያንዳንዱን ቁራጭ ጫፍ በሊቬላ ለክቶ ማስተካከል ስለሚያስገድድ ሠሪውን ያሠለጥነዋል። ምድር ቤት ርጥበት ስለሚኖረው እንጨቱ ከላይም ከሥርም ቀለም ይቀባ፤ ሐዲድ የሚያጣምመው ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያለው እንጨት ማበጡና መኮማተሩ ነው።

የድሮው መስመር እ.ኤ.አ. በጁን 1946 ወደ ሶርያ የሚያሻግረው የያርሙክ ድልድይ ሲፈነዳ ተቆረጠ፤ ከ1948ቱ ጦርነት በኋላ ቀሪውም ብዙ አልቆየም። በሸለቆው ባቡር እንደገና የተጓዘው እ.ኤ.አ. በ2016፣ በ1435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው። ዛሬ ከአፉላ ተሳፍሮ ሐይፋ የሚሄድ ሰው የሚያየው አዲሱን ነው። የድሮውን ለማየት ግን ክፋር ዬሆሹዓ መውረድ ይቻላል፤ የኦቶማኖቹ ጣቢያ ታድሶ ሙዚየም ሆኗል። ሞዴል ልትሠሩ ያሰባችሁ ሜትርና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ፤ የበሩን ቁመት፣ የመስኮቱን ስፋት፣ የድንጋዩን ርዝመት ለኩና ለ87 አካፍሉ። ኮምፔንሳቶ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ንድፉን ጨርሱ።