የላላ ካስማን ማጥበቅ

በርካሽ የመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አግዳሚ ሳንቃዎቹን የሚሸከሙትን የላሉ ካስማዎች ማጥበቅ ከሚገባው በታች የተመሰገነ ሙያ ነው። ሳንቃው ከፍ ዝቅ እንዲል ሲባል በግራና በቀኝ ጎን፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች በ32 ሚሊ ሜትር ርቀት ይበሳሉ፤ ይሁንና ጎኑ ቺፕውድ፣ ማለትም በማጣበቂያ ተጨምቆ የተሠራ የእንጨት ፍርፋሪ በመሆኑ፣ የመጻሕፍቱ ክብደት ካስማውን ወደ ታች በተጫነው ቁጥር የቀዳዳው አፍ እየተፈረፈረ ይሰፋል። ወፍራም ምስማር መምታት (የቸኮለ ሰው መፍትሔ ነው) ጎኑን ይሰነጥቀዋል። የሠለጠነ እጅ ግን ቀዳዳውን በእንጨት ኮላ በተነከሩ ስቴኪኒዎች ጠቅጥቆ፣ ሲደርቅ ትርፉን በስለት አስተካክሎ፣ በ5 ሚሊ ሜትር ፑንታ እንደገና ይበሳዋል፤ ኮላው ወደ ፍርፋሪው ሰርጎ ስለሚያስተሳስረው አዲሱ ቀዳዳ ከላላው እጅግ ይጠነክራል። ፑንታው በወዲያኛው በኩል በስቶ እንዳይወጣም የጥልቀቱ ልክ በፕላስተር ቁራጭ ምልክት ይደረግበታል።